የዛሂር መኪናና የኸልፋን ውሃ

ዛሂር ያንን ግዙፍ የበረሃ መኪና ገዝቶ ደጁ ላይ ባቆመ ቀን፣ በበረሃው ዳር ባለችው በቢዲያ ከተማ አንጀቱ እርር ድብን ያለ ሰው ቢኖር ታላቅ ወንድሙ ኸልፋን ነበር። አፉ ግን ይህን አልተናገረም። አፉ የተናገረው ስለ ነዳጅ ነው።

«ይኼ እኮ ነዳጅ አይጠጣም፣ ይታጠብበታል!» አለ፤ መኪናውን እንደ ገበያ ግመል እየዞረ። ጎማው እስከ ጭኑ ይደርሳል። በሩን ለመክፈት ክንዱን ማንሳት ነበረበት። «መድኃኒት ቤትህ በእግር የሚደረስ፣ የልጆችህ ትምህርት ቤት አጥርህ ሥር፣ መስጊዱ ጎረቤትህ። በዚህ ተራራ ምን ልታደርግ ነው? ዳቦ ልትገዛበት?»

«ዳቦም እገዛበታለሁ» አለ ዛሂር እየሳቀ። «የክት አይደለም፣ የአዘቦት ነው። አሸዋ ስሄድ ብቻ ላወጣው አልገዛሁትም።»

«ሞኝ! የቤት መኪና ማን ገደለው? ለስላሳ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ያገኘው ጥላ ሥር ይገባል። ይኼን ገበያ ውስጥ የት ልታቆመው ነው? ተምር ሻጮቹ ላይ?»

የተሰበሰበው ዘመድና ጎረቤት ሳቀ። ሁሉም መኪናውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ብሎ መርቋል፤ ያማረ ነገር አይቶ ይህችን ቃል ሳይል የሚሄድ ሰው እዚያ አገር ዓይኑ አይታመንም። የዛሂር ሚስት ዙዌይና፣ ከዓይኗ ምንም የማያመልጣት ሴት፣ ኸልፋን እንዳላለ ልብ ብላለች።

«አቡ ናስር፣ ማሻአላህ በል እንጂ!» አለችው በልጁ ስም ጠርታ።

«ስለ ነዳጁ ነው ወይስ ስለ ጎማው?» አላት ኸልፋን። ሰው እንደገና ሳቀ። እሱም ሳቁን ተገን አድርጎ፣ ቃሏን ሳይላት ወደ ቤቱ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ኸልፋን እንዲህ ያለውን መኪና ሲመኝ ኖሯል። ሚስቱ ረያ ስንት ጊዜ አንስታለት «ለማን ይታይልኝ ብዬ?» እያለ የመለሰው፣ ላለማባከን ሳይሆን፣ አስተዋይ ሲሉት ስለሚወድ ነው። የአስተዋይነት ስም ደግሞ ክፉ እዳ ነው፤ አንዴ ከወጣልህ የምትወደውን ሁሉ ያስጥልሃል። እሱ አስተዋይ ሆኖ ዝቅ ባለ መኪና ሲንፏቀቅ፣ ታናሹ ሞኝ ተብሎ ከፍ ብሎ ተቀመጠ።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ሰው ነውና ይረሳው ነበር። ያልቻለው ሐሙስን ነው።

እናታቸው ገኒማ የሚኖሩት ከኸልፋን ጋር ነው። የተወለዱት አሸዋው ውስጥ ነው፤ ወደ ከተማ የመጡት ሲያገቡ ነው። የእሳቸው እህት ሙዛ ግን ዛሬም ከፍየሎቿ ጋር አሸዋው ውስጥ ትኖራለች፤ ገኒማም ሐሙስ ሐሙስ ሳያዩዋት አይውሉም። የኸልፋን መኪና አሸዋ ስለማይደፍር አስፋልቱ የሚያልቅበት ድረስ ወስዷቸው፣ የሙዛ ልጅ በጭነት መኪናው መጥቶ እስኪወስዳቸው አብሮ ይጠብቃል። ሐሙስ የኸልፋን ነበር። ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ ዛሂርም ያውቁታል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ እናቱን የሚያመላልስ እሱ ነው፤ ከዓለም ሁሉ የእኔ የሚለው ሥራ ቢኖር ይኸው ነው።

የዛሂር መኪና በመጣ በመጀመሪያው ሐሙስ ኸልፋን ቁልፉን ይዞ ሲወጣ እናቱ ደጅ ላይ ቆመው አገኛቸው።

«ዛሬ አንተ አትድከም ልጄ። ዛሂር እስከ ሙዛ ደጅ ያደርሰኛል።»

አትድከም! እንዲህ ያለች ቀላል ቃል ሰው ልብ ውስጥ ገብታ ምን እንደምትሠራ የሚያውቀው የተባለው ብቻ ነው። ኸልፋን ቁልፉን ኪሱ ከተተና ቀኑን ሙሉ የግቢውን ተምር ዛፎች ያለጊዜያቸው ሲያጠጣ ዋለ።

ማምሻውን እናቱ ልጅ ሆነው ተመለሱ። ሻሻቸው አሸዋ ለብሷል፣ ዓይናቸው ያበራል። እራት ቀርቦ፣ ሩዙ መሐል ተቀምጦ፣ ወሬው ሁሉ ስለ መኪናው ሆነ።

«ከጎማው ነፋስ አስተነፈሰና ጉብታውን ወጣነው! እኔ ‹ያ ረቢ!› ብዬ ስጮህ እሱ ይስቃል። ከላይ ሆኜ የሰዉን ግመል ሁሉ ቆጠርኩ!»

«የእኔ እኮ ቀዝቃዛ ነው እማ» አለ ኸልፋን፤ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው። «ወንበሩም ለስላሳ ነው።»

«ያንተማ ጉድጓድ ነው» አሉት እየሳቁ። «ገብቼ ስወጣ ጉልበቴ ‹እህ› ይለኛል። የዛሂር መረገጫ አለው። ረገጥ አድርጌ እንደ ግመል ጉብ ነው!»

ኸልፋን እጁን ከሩዙ ሰበሰበ። ያን ዕለት ተኝቶ ሲገላበጥ ረያ ምን ሆንክ አለችው።

«እኛም እንዲህ ያለ መኪና ብንገዛስ?»

«ለዳቦ መግዣ?» አለችው ረያ። «መንደሩ ሁሉ ፊት ወንድምህን ሞኝ ያልከው ሰውዬ አንተ አይደለህ? ነገ ገዝተህ ብትመጣ ምን ይሉሃል?»

እውነቷን ነው። በሩን በራሱ አፍ ቆልፎታል። ከዚያ በኋላ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ኸልፋን በመስኮት ቆሞ ያያል፤ ዛሂር የእናታቸውን ክንድ ይዞ ሲያወጣቸው፣ እናቱ ከላይ ሆነው ለጎረቤት ሁሉ እጃቸውን ሲያውለበልቡ። በወንድሙ መቅናቱን ያውቃል፤ መቅናቱም ያሳፍረዋል፤ እያፈረም ይቀናል። ዛሂር ዳቦ ሊገዛ በዚያ መኪና ሲያልፍ እንኳ ሄዶ መስኮቱን ይዘጋ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተና፣ አንድ ሐሙስ እናቱ ወጥተው እንደተቀመጡ መኪናው አልነሳም አለ። ዛሂር ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢመልስ፣ ወይ ፍንክች። አዲስ መኪና፣ ድምፁ ጠፋ። ኸልፋን በመስኮት ይህን ሲያይ ደስ አለው። ደስ መሰኘቱን ሲያውቅ ደግሞ ደነገጠ፤ ግን መደንገጡ ሮጦ ከመውጣት አላገደውም።

«ነይ እማ፣ እኔ እወስድሻለሁ!»

ዛሂር መካኒክ አመጣ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ ቀን አጎንብሶ ሲያበቃ፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ነዳጁ ደህና ነው፣ ምናልባት አንድ ሽቦ ሲፈልግ የሚነካ ሲፈልግ የሚለቅ ይሆናል፣ እሱን ደግሞ አላገኘሁትም ብሎ እጁን ጠርጎ ሄደ። ሌላ መጣ፤ እሱም እንዲሁ። ይኼኔ ዙዌይና ወገቧን ይዛ ተነሳች።

«ዓይን ነው» አለች። «መካኒክ ዓይንን በመፍቻ አይፈታውም።»

መድኃኒቱን እዚያ አገር ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። በዓይኑ የመታው ሰው ይታጠባል፤ ፊቱን፣ እጁን እስከ ክርኑ፣ ጉልበቱን፣ እግሩን። የታጠበበት ውሃ ይጠራቀምና በተመታው ነገር ላይ ይፈስሳል። አንዳንዱ ቤት ነውር ሸሽቶ፣ እንግዳ የጠጣበትን ስኒ እጣቢ በስውር ያጠራቅማል። ዙዌይና የስውር ሰው አይደለችም። መኪናውን ካየው ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ፣ ማንም ተለይቶ አያፍርም ብላ ትንንሽ ጠርሙሶች ይዛ፣ የማን የማን እንደሆነ እንዲለይላት በየአንገታቸው የተለያየ ቀለም ክር አስራ፣ ቤት ለቤት ዞረች። ገኒማም ሳይቀሩ ሰጡ። ለኸልፋን የደረሰው አረንጓዴ ክር ነበር።

«ከሁሉም ነው የምወስደው አቡ ናስር» አለች ዓይን ዓይኑን እያየች። «ቅር እንዳይልህ።»

«ምን ቅር ይለኛል?» አለና ጠርሙሱን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባ።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። አልሰጥም ቢል ጥፋተኛ መሆኑን በራሱ ላይ መሰከረ። ታጥቦ ቢሰጥና መኪናው ቢነሳ ደግሞ የገዛ ወንድሙን በዓይኑ የመታ ሰው ሆነ። መኪናው ላይ ያረፈው የእሱ ዓይን ለመሆኑ ደግሞ ቅንጣት አልተጠራጠረም፤ ውስጡን ያውቀዋላ! ብዙም ሳይቆይ ቧንቧውን ከፈተና፣ ጣቱን እንኳ ሳያረጥብ ጠርሙሱን ሞላው። ከደነው። ቢያፈሱት ባያፈሱት ያው የቧንቧ ውሃ ነው፤ መኪናው አይነሳም፣ እሱም አይጋለጥም። ተንኮሉ ያማረ መሰለው።

ዙዌይና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው የአስርን ሰላት ሰግዶ ከመስጊድ ሲወጣ፣ አንድ አንድ ጠርሙስ ታፈስስ ጀመር። የጎረቤቱ ፈሰሰ፤ መኪናው ዝም። የአጎታቸው ፈሰሰ፤ ዝም። በመጨረሻ አረንጓዴው ክር ተፈታ። ዙዌይና «ቢስሚላህ» ብላ ኮፈኑ ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይ፣ ጎማው ላይ አፈሰሰች። ዛሂር ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

መኪናው አገሳ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ እልልታው ቀስ ብሎ ቆመና የሰው ሁሉ ፊት ወደ ኸልፋን ዞረ። የቧንቧ ውሃ ነው! ሊል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እንዲህ ካለ፣ ወንድሙ መድኃኒት ቢለምነው የከለከለ ሰው ይሆናል። ከዓይን ጥፋት ይልቅ ይኼኛው ይከፋል። ዓይን ከባለቤቱ ቀድሞ ይሮጣል፤ ውሃውን እስከሰጠ ድረስ ማንም አይወቅሰውም። ውሃ መከልከል ግን በእጅ የሚሠራ ክፋት ነው። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ።

ዛሂር ወርዶ አቀፈው። «ምንም አልተቀየምኩም ወንድሜ። ሰጥተህ አድነኸኛል።» ያ እቅፍ ኸልፋንን እንደ ዱላ አመመው።

ገበያው ግን እንደ ዛሂር አልማረውም።

«ኸልፋን መጣ! ተምርህን ሸፍን!» ይላል አንዱ።

«ኧረ ዓይንህን ወደዚያ አድርግልኝ፣ ፍየሏ ነገ ትወልዳለች!» ይላል ሌላው።

«አቡ ናስር፣ የጎረቤቴን ግመል እየኝማ፣ ውድድር ሊያሸንፈኝ ነው!»

ይሳቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ቀንቷል፤ በዚያ ልክ ናቸው። ያፈሰሱት ውሃ ግን የእሱ አይደለም፤ ስለዚህ ባልሠራው መድኃኒት የሠራው ኃጢአት ተጋለጠ። ለማን አቤት ይባላል?

ከቀናት በኋላ እናቱ ወደ ክፍላቸው ጠሩት። ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ሊገስጹኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ።

«በዛሂር መኪና መሄዴ ቅር ብሎህ ነበር?»

የምንጣፉን ጫፍ ይነካካ ጀመር።

«እኔ እኮ የተገላገልክ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉት። «አስፋልቱ ጫፍ ቆመን የሙዛን ልጅ ስንጠብቅ አንድም ቀን አውርተኸኝ አታውቅም። ስልክህን ታያለህ፣ መንገዱን ታያለህ። ሸክም ሆኜበታለሁ አልኩ። ዛሂር ሲገዛ ‹ተመስገን፣ ኸልፋን አረፈ› ብዬ ነው የተውኩህ።»

«እማ…»

«ቆይ። ያንተ ውሃ ፈስሶ መኪናው ሲነሳ ሰው ሁሉ አፈረልህ። እኔ ግን አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሰው በማይወደው አይቀናም። ልጄ ዓይኑ እስኪናገር ቀንቶብኛል አልኩ።» እጁን ያዙት። «ሐሙስ አንተ ነህ የምትወስደኝ። በዛሂር መኪና። ነግሬዋለሁ፤ ቁልፉን ይሰጥሃል።»

ኸልፋን የእናቱን እጅ ስሞ ወጣ። ግቢው ውስጥ ከተምሮቹ መሐል ቆመና፣ ትልቅ ሰውዬ፣ አለቀሰ። እነዚያን ሐሙሶች ሁሉ ዝም ያለው ወሬ ስላልመጣለት ብቻ ነበር፤ እናቱ አጠገቡ ከቆሙ ሌላ ምን ይወራል ብሎ። እናቱ ደግሞ ሸክም ነኝ እያሉ ነው የቆሙት። አሁን መወደዳቸውን አወቁ፤ ያወቁት ግን በቧንቧ ውሃ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ዛሂር ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረለት፤ ከጎማው ምን ያህል ነፋስ እንደሚያስተነፍስ፣ ጉብታ ላይ እንዳይቆም ነገረው። ዙዌይና ደጅ ቆማለች፣ ረያ ቆማለች፣ ጎረቤትም ወጥቷል፤ ዓይኑን ያስታጠበ ሰው በዚያው መኪና እናቱን ሲወስድ ማየት የሚቀርበት ነገር አይደለም። ገኒማ መረገጫውን ረግጠው ፊተኛው ወንበር ላይ ወጡ። ኸልፋን መሪውን ያዘ።

ከዚያ ከፍታ የሰው አጥር ሁሉ ዝቅ ብሎ ይታያል። የጎረቤቱ ግቢ፣ የመስጊዱ ደረጃ፣ ራቅ ብሎ የአሸዋው ቀይ ጀርባ። ሲመኘው እንደኖረው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። እናቱ አጠገቡ ናቸው። ሐሙስ የእሱ ነው። ቁልፉን ጨበጠ፤ ማዞር ብቻ ነው የቀረው።

እጁ አልታዘዝ አለ።

ውሃው የእሱ ካልነበረ ዓይኑ አልተነሳም። አልተነሳም ማለት አሁንም እዚሁ መኪና ላይ ነው፤ ኮፈኑ ላይ፣ ጎማው ላይ። ይዟቸው አሸዋው ልብ ውስጥ ገብቶ፣ በዚያ ንዳድ፣ በእናቱ ጉልበት፣ መኪናው ዝም ቢልስ?

«እማ፣ ውረጂ።»

«ምነው?»

«ውረጂ በአላህ! ያ ውሃ የእኔ አልነበረም!» ድምፁ ከሚፈልገው በላይ ወጣ። በሩን ከፍቶ ዘለለና ወንድሙ ፊት ቆመ። «የቧንቧ ውሃ ነው የሰጠኋችሁ። ጣቴን አላስነካሁትም።»

ቀድማ አፍ ያወጣችው ዙዌይና ነች።

«ታዲያ መኪናውን ማን አስነሳው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ያ ሽቦ ይሆናል!»

ዛሂር ፊቱ ጠቆረ። «መድኃኒት ለመንኩህ፤ ከለከልከኝ። ከዚያ አቀፍኩህ፤ ዝም ብለህ ታቀፍክ።»

ይኼኔ ከላይ የእናቱ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የተሰበረ ድምፅ።

«አልቀናህም ማለት ነዋ።»

ቀና ብሎ አያቸው። በዚያ ከፍታ ላይ ትንሽ ሆነው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ፊት ወደ መስታወቱ ያያሉ።

«ቀንቻለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «አንጀቴ እስኪያር ቀንቻለሁ! መኪናው ሲቆም ደስ ብሎኛል! ዳቦ ሊገዛበት ሲሄድ እንኳ ቀንቻለሁ! ግን በመኪናው አይደለም እማ፣ በአንቺ ነው። ሐሙሴን ወሰደብኝ!»

ማንም አልሳቀም። ኸልፋን እጅጌውን ወደ ላይ ይሰበስብ ጀመር። ዙዌይና ገብታ ሳህንና ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች፤ ሳህኑን መሬት ላይ አኖረች። ማንቆርቆሪያውን ልታፈስስ ስታዘነብል ዛሂር ከእጇ ተቀበላት። ወንድሙ ፊት ተንበረከከና ማፍሰስ ጀመረ፤ አሁንም ፊቱ እንደጠቆረ።

ኸልፋን ፊቱን ታጠበ። እጁን ታጠበ።

«ክርንህን» አለ ዛሂር በቁጣ።

ክርኑን ታጠበ። ጉልበቱን ገልጦ ታጠበ፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ አስተዋዩ ሰውዬ።

ገኒማ ከመኪናው አልወረዱም። በመስኮቱ ብቅ ብለው ልጆቻቸውን ቁልቁል ሲያዩ ቆዩና ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«በደንብ አፍስስለት ዛሂር» አሉ። «የብዙ ሐሙስ ነው።»